ጅራታሟን ፍለጋ ቡሬ ማዶ

ጎጃም የሄድኩት ለአንዲት የሻይ ብርጭቆ መያዣ ነው። ሰው ለጠበል ይሄዳል፣ ለልቅሶ ይሄዳል፣ ለሠርግ ይሄዳል፤ የእኔን ምክንያት ለጎረቤቶቼ ስነግራቸው ግን እርስ በርስ ተያዩ። አልፈርድባቸውም። ጡረታ የወጣች ሴት ቤቷ ቁጭ ብላ ሻይዋን በራሷ ብርጭቆ ብትጠጣ ምን ነበረበት?

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ሠላሳ ዓመት በፖስታ ቤት መስኮት ቴምብር ስሸጥ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ከውጭ በመጣ ደብዳቤ ላይ ጆሮዋን ያቆመች ውሻ የታተመችበት ቴምብር አየሁ። ወደ ጠፈር የተላከች ውሻ ናት አሉኝ። ሳትመለስ እዚያው መቅረቷን ስሰማ አንጀቴን በላችው። ከዚያ ወዲህ ሰው ወደ ጠፈር መውጣት በጀመረባቸው ዓመታት የተሠራ ነገር ከዓይኔ አያመልጥም፤ ቴምብር ይሁን፣ የደረት ዓርማ ይሁን፣ የክብሪት ቀፎ ይሁን እለቅማለሁ። ሶቪየት ኅብረት የተማሩ ሰዎች ይዘዋቸው መጥተው፣ ልጆቻቸው ለቆራሌው የሰጧቸው፣ ምናለሽ ተራ ላይ ከአሮጌ ቁልፍና ማንኪያ ጋር ተዘርግተው የሚሸጡ ዕቃዎች ናቸው። ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን የሻይ ብርጭቆ መያዣውን ነው። እዚያ አገር ባቡር ላይ ሻይ የሚቀርበው እጀታ ባለው የብረት መያዣ ውስጥ በገባ ብርጭቆ ነው፤ ያን ጊዜ መያዣው ላይ ሮኬት፣ ኮከብና ጨረቃ ይቀርጹበት ነበር። አምስት ዓይነት አለኝ። ስድስተኛዋ፣ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ያለችባት፣ አልገኝልሽ ብላኝ ስንት ዓመት ተንከራተትኩ።

ታዲያ ፍኖተ ሰላም ፊዚክስ የሚያስተምር ሙሉቀን የሚባል ወጣት የእኛ የሰብሳቢዎች የስልክ ቡድን ውስጥ ፎቶ ለጠፈ። እሷው ራሷ! አራት ረጃጅም አንቴና ያላት ኳስ፣ ከጎኗ ሮኬት። «የአጎቴ ናት፤ ከሶቪየት ሲመለስ ያመጣት። እሱ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ባለቤቱ ለሚወዳት ሰው ልስጣት ብለዋል፤ ቶሎ ቢሆን ይመረጣል» ይላል ጽሑፉ። ለምን ቶሎ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሰብሳቢ ሲባል ስግብግብ ነው፤ ሻንጣዬን አወረድኩ።

የመጀመሪያው ቀን

መንገዱ ሰላም መሆኑን ሦስት ቀን ሳጠያይቅ ቆይቼ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ሊነጋጋ ሲል ከአዲስ አበባ ተነሳን። አጠገቤ የተቀመጠችው ወደ ደብረ ማርቆስ የምትሄድ ሴት ገና ጎሐ ጽዮን ሳንደርስ ግማሽ ሎሚ እጄ ላይ አኖረችልኝ። «ቁልቁለቱ ሲጀምር ያሸቱታል» አለች። እኔ ደግሞ «ግድ የለም፣ መኪና አያመኝም» ብዬ ኮራሁ። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ሎሚውን አፍንጫዬ ላይ ለጥፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እደግም ነበር። ስለ ዓባይ በረሃ ውበት ሌላ ሰው ይጻፍ፤ እኔ ያየሁት የለም።

ደጀንን ካለፍን በኋላ አንድ ፍተሻ ላይ ወረድን። ፈታሹ ቦርሳዬን ከፍቶ ያለኝን አንድ በአንድ አወጣው፤ ማጉያ መነጽር፣ ነጭ የእጅ ጓንት፣ ቀጭን ብሩሽ፣ የብረት መለኪያ።

«ሐኪም ነዎት?» አለኝ።

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ለምን ነው?»

«የሻይ ብርጭቆ መያዣ ልለካበት ነው።»

ፈታሹ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ቆየና ዕቃዬን እኔ ካስቀመጥኩት በተሻለ ሥርዓት መልሶ አስቀመጠው። «እግዜር ይማርዎ» አለኝ፤ ለታመመ ሰው በሚባልበት ድምፅ።

ደብረ ማርቆስ ለምሳ ወረድን። ግማሽ ጥብስ አዝዤ ሙሉ መጣልኝ። ተሳስታችሁ ነው ስላት አስተናጋጇ «ገና መንገድ አለብዎት፤ ይብሉ» ብላኝ ሄደች። አዲስ አበባ ቢሆን ግማሽ ላዘዘ ሰው ሩቡ ነው የሚመጣለት። ደምበጫንና ጂጋን አልፈን ፍኖተ ሰላም የገባነው ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ነው። ዋናውን መንገድ ባጃጁና የፈረስ ጋሪው እኩል ተካፍለውታል። እኛ ሰፈር ሁለት መኪና ሲተላለፍ የምሰማውን ስድብ እዚህ ባለጋሪና ባለባጃጅ ተጋጭተውም አልሰማሁም፤ ወርደው ጎማውንና ፈረሱን አይተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው ሄዱ።

ሙሉቀን መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ቀጭን፣ የኮቱ እጅጌ ጠመኔ የነካው፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ልጅ ነው። ያረፍኩበት ሆቴል ቧንቧው ደርቆ ነበር፤ ባለቤቲቱ ግን ውኃ አሙቃ በባልዲ አምጥታ፣ ራሷ ቆማ እጄን አስታጠበችኝ። አዲስ አበባ ውኃ ሲጠፋ ሆቴሉ የሚሰጠው ማስታወቂያ ነው።

ሁለተኛው ቀን

ሙሉቀን ጠዋት ክፍል ስለነበረው ረፋዱ ላይ ተነሳን። በማንኩሳ በኩል ቡሬ ስንደርስ ገበያው ደርቶ ነበር። በርበሬ ተራ ስናልፍ ማስነጠስ ጀመርኩ። አንዲት ነጋዴ በየማስነጠሴ «ይማርዎ» ስትለኝ ቆይታ በስድስተኛው ሰለቻትና «እንዲያው በዚያ በኩል ቢሄዱ» ብላ በእጇ አሳየችኝ። ከገበያው ዳር አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገብተን የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አዘዝን። እንዲህ ያለ ድንች በልቼ አላውቅም፤ እኛ ዘንድ ድንች የሚባለው የዚህ ድንች ሩቅ ዘመድ ነው። ሙሉቀን ግን አልበላም።

«እትዬ ሰናይት፣ ፎቶውን ስለጥፍ ያልጻፍሁት ነገር አለ» አለኝ።

አጎቱ መምህር ይስማው የአካባቢው አስታራቂ ነበሩ። ሲያርፉ ሁለቱ ልጆቻቸው፣ ታላቁ አለኸኝና ታናሹ ስማቸው፣ መሬቱን በሽማግሌ ፊት ያለ ክፉ ቃል ተካፈሉ፤ ከብቱንም ተካፈሉ።

«ይች መያዣ ግን አትከፈል ነገር!» አለ ሙሉቀን። «አለኸኝ ታላቅ እኔ ነኝ አለ። ስማቸው ያስታመምሁት እኔ ነኝ አለ። ከዚያ ነገሩ ወደ መስኖ ውኃ ተራ ዞረ፤ ተደባደቡ። አሁን እንኳን አንድ ገበታ ሊቀርቡ፣ በጥምቀት ታቦት ሲሸኙ አንዱ በቀኝ ሲሆን አንዱ በግራ ነበር።»

«እናትየውስ?»

«ከሁለቱም እጅ ትውጣ ብለዋል። ሩቅ አገር ትሂድና ዓይናቸው አይያት።»

ደግ ሰው ቢሆን እዚያው ተነስቶ ወደ መናኸሪያ ይመለስ ነበር። የእናት ቤት እየፈረሰ ለመደርደሪያዬ ጌጥ ልወስድ ነው። እኔ ግን የጠየቅኩትን ልናገር፦ «እጀታዋ ተነቅላ አታውቅም?» አልኩት። ሙሉቀን ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ የሚል አልነበረም።

ከቡሬ ወዲያ የሄድንበትን ቀበሌ ስም አልጽፈውም። እንደኔ ያለ ሌላ ሰብሳቢ እንዲሄድባቸው አልፈልግም። በጋሪ ተጓዝን፤ አንድ ቦይ ስንሻገር ጎማው ተንሸራተተና እኔ ቀስ ብዬ፣ ቀሚሴን እንደያዝኩ፣ ጭቃ ላይ ተቀመጥኩ። ድንች ስትኮተኩት የነበረች ሴት ሮጣ መጥታ አነሳችኝ፤ ከዚያ ቦዩ ዳር አቁማኝ፣ ቀሚሴ ላዬ ላይ እንዳለ፣ ጠርዙን አጥባ ጨምቃ ለቀቀችኝ። ስሟን እንኳን ሳልጠይቃት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የቀረውን መንገድ በእግር ሄደን፣ የመምህሩ ባለቤት እትዬ የሻረግ ቤት ስንደርስ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።

እትዬ የሻረግ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ አጭር፣ ፈጣን ሴት ናቸው። «ኧረ ወዲህ በሉ! እንግዳዋን በእግር አመጣሃት?» ብለው ሙሉቀንን ገሠጹት። ለብ ያለ ውኃ አምጥተው እግሬን ሊያጥቡ ጎንበስ ሲሉ አይሆንም አልኳቸው። «እንግዳ ነሽ፤ እግርሽም እንግዳ ነው፤ ዝም በይ» አሉኝ። ዝም አልኩ። አዲስ አበባ ከጎረቤቴ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል፤ ቤቷ ገብቼ አላውቅም።

ሦስተኛው ቀን

«እንግዳ መጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛው ቀን ብር፣ ሦስተኛው ቀን ብረት» ይባላል። እኔ ብረት ሳልሆን ቶሎ አይቻት ልሂድ ብዬ ነጭ ጓንቴን አጥልቄ ተዘጋጀሁ። እትዬ የሻረግ እጄን ሲያዩ ደነገጡ።

«እጅሽን ምን ነካው ልጄ?»

ዕቃ እንዳይቆሽሽ ነው ብዬ ብነግራቸውም አላመኑኝም። ወደ ጓዳ ገብተው ለጋ ቅቤ በቅል አምጥተው ጓንቴን አስወለቁኝና ሁለቱንም እጄን እስከ ክርኔ ቀቡኝ። «አይዞሽ፣ ይለቃል» ይላሉ። ስንት ዓመት የተመኘኋትን ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዝኳት ቅቤ በሚንጠባጠብ እጅ ነው።

ከሻሽ ፈተው ሰጡኝ። ትንሽ ናት፤ ከባድ ናት፤ ታበራለች። ልቤ ግን ሁለት ጊዜ ደነገጠ፤ መጀመሪያ በደስታ፣ ቀጥሎ በሐዘን። በየሳምንቱ በአመድና በአሸዋ ሲያሿት ኖረው ሮኬቱ ጥላ ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ ከኳሷ አራት አንቴናዎች አንዱ ጠፍቷል። እኛ ሰብሳቢዎች አቧራዋን እንኳ በብሩሽ ነው የምንነካው። «አበራኋት አይደል?» አሉኝ እትዬ የሻረግ። «በጣም» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ሥሯን ገልብጬ በማጉያ ሳይ የፋብሪካው ማኅተም አለ። እሷ ናት።

የአገሩ ሰው «ጅራታሟ» ነው የሚላት፣ በኳሷ ጅራቶች። መምህር ይስማው ምን እንደሆነች ለሁሉም አስረድተው ነበር፤ ሰው ወደ ሰማይ የላካት የመጀመሪያዋ ዕቃ እንደሆነች፣ ምድርን እየዞረች በራዲዮ ትጮህ እንደነበር። የተጣሉ ሰዎች ፊታቸውን አዙረው ሲቀመጡ «ጢት፣ ጢት፣ ጢት» እያሉ እንደሷ ይጮሁባቸው ነበር አሉ። ኮስታራ መምህር እንደ ጫጩት ሲጮኽ አይቶ የማይስቅ የለም።

ማስታረቂያቸውን እትዬ የሻረግ ባዶ ብርጭቆ ይዘው አሳዩኝ።

«የፈላ ሻይ አፍ እስከ ገደፏ ይሞላል። ሁለቱ ጉልበት ለጉልበት ይቀመጣሉ። መሬት ማስቀመጥ የለም፤ እስክትበርድ ካንዱ እጅ ወዳንዱ እጅ ነው። እጀታዋ አንድ እጅ ነው የምትይዝ። ስለዚህ ሰጪው ከሥር ደግፎ፣ ተቀባዩ እጀታውን እስኪጨብጥ አይለቅም። ቶሎ ከለቀቀ ይፈሳል፤ ሁለቱንም ያቃጥላል። ያን ጊዜ ሽማግሌው ገና ናችሁ ብሎ እንደገና ያስሞላል።»

«ሲበርድስ?»

«ሲበርድማ እኩል ይጠጡታል። ስንቱ እዚህ ተጣልቶ ገብቶ ተሳስቆ ወጣ መሰለሽ።» ብርጭቆውን አስቀመጡ። «የኔዎቹ ግን ማን ይያዛት በሚል ተጣሉ። በምን ላስታርቃቸው?»

ቅቤ የተቀባ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ባዶውን ብርጭቆ አየሁ።

ረፋዱ ላይ ታላቁ ልጅ አለኸኝ መጣ። በአህያ ውኃ ጭኖ፣ ገንቦውን ሞልቶ፣ ለላሟ ድርቆሽ ሰጥቶ፣ እኔን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ። ወፍራም ድምፅ ያለው ጨዋ ሰው ነው። ለምን እንደመጣሁ ያወቀ ይመስለኛል፤ ጅራታሟ ወደነበረችበት መደብ አንድ ጊዜ አየና ዓይኑን መለሰ። በዚያው ጊዜ አጥሩ ጋ ሌላ ሰው አየሁ። የአለኸኝን አህያ ሲያይ ቆመ፤ ተመልሶ ከማዶ ዋርካ ሥር ተቀመጠ። አለኸኝ ከሄደ በኋላ ገባ። ስማቸው ነው። እሱም ውኃ ጭኗል።

«ሞልቷል ልጄ» አሉት እናቱ።

«ይሁን፤ በማድጋው ልገልብጠው» አለ፤ ማን እንደሞላው አልጠየቀም።

ሲወጣ እትዬ የሻረግ ሁለቱን ዕቃ ውኃ አሳዩኝ። «ሁለት ዓመት እንዲህ ነው። ውኃ ተርፎኛል። አንድ ቀን አብረው መጥተው ባዶ እጃቸውን ቢገቡ፣ በጥም ብሞት ምን ነበረበት!» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አብሬ አለቀስኩ።

አራተኛው ቀን

ጠዋት ጅራታሟን በሻሽ ጠቅልለው፣ ከላዩ በቂጣና በቆሎ ስንቅ ከበው ሰጡኝ። ስለ ዋጋ ልናገር አፌን ስከፍት «የሽማግሌ ዕቃ አይሸጥም፤ ውሰጅልኝ» ብለው ዘጉኝ። ሁለት ጊዜ «እርግጠኛ ነዎት?» አልኳቸው። ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቅኩም፤ ሐሳባቸውን እንዳይቀይሩ ፈርቼ ነው። ሐቁ ይኼ ነው።

በር ላይ እጄን ይዘው አስቆሙኝ።

«ከልጆቼ አንዱ ብቻውን መጥቶ ቢለምንሽ እንዳትሰጭው። ማይልኝ።»

«ማርያምን አልሰጥም። ሁለቱ አብረው ቢመጡስ?»

«ሁለቱ ባንድ መንገድ ከሄዱማ» አሉ፣ «እኔ ምን ቀረኝ?»

ቡሬ ደርሰን ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ከሙሉቀን ጋር ጥላ ሥር ተቀመጥን። አንድ ሞተር አቧራ አስነስቶ ፊታችን ቆመ። ከሾፌሩ ኋላ ስማቸው ነው።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «አባቴ ሲታመም ሻይ የማጠጣው በሷ ነበር። ኋላ ላይ እጁ ሲከዳው አፉ ድረስ የማደርስለት እኔ ነበርሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ መሬቱንም አለኸኝ ይውሰደው።»

ድንጋይ ልብ ያለው ሰው እንኳ ይራራ ነበር። እኔም ራርቼ እጄ ቦርሳው ዚፕ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ምያለሁ። እናቱ እንዳስማሉኝ፣ ከወንድሙ ጋር ካልሆነ ብቻውን ለመጣ እንደማልሰጥ ነገርኩት።

«እሱን ምን አመጣው?» አለ፤ ፊቱ ጠቆረ።

«እኔ አላውቅም ወንድሜ። እናትህን ጠይቅ።»

ተመልሶ ሞተሩ ላይ ወጣ። ሙሉቀን ሊከተለው ብድግ ብሎ መልሶ ተቀመጠ። ራሴን እንደ ጨካኝ ቆጠርኩት፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ቦርሳዬን ዳበስኩና ያለች መሆኗን አረጋግጬ ደስ አለኝ። እንዲህ ነኝ እንግዲህ። ፍኖተ ሰላም እስክንገባ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አቅፌ ነበር። ማታ ባለሆቴሏ ውኃው መጥቷል ብላ በደስታ ብታበስረኝም ሳልታጠብ ተኛሁ።

አምስተኛው ቀን

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደረስኩ። አውቶቡሱ ገና አልሞላም። ትኬቴን ይዤ ስዞር የሻይ ቤቱ አግዳሚ ላይ ሁለት ሰዎች አየሁ፤ በመካከላቸው ሌላ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ አለ። አለኸኝና ስማቸው ናቸው። ሲያዩኝ እኩል ተነሡ።

«እንዴት አደራችሁ? መቼ መጣችሁ?» አልኳቸው።

«ማታ ገባን» አለ አለኸኝ። «አልጋ ጠፍቶ በአንድ አልጋ አደርን።»

«ሌሊቱን እግሩን ሲጭንብኝ ነው ያደረ» አለ ስማቸው፤ ለኔ እንጂ ለወንድሙ አልነበረም።

«ልጅም ሁኖ እሱ ነው ብርድ ልብስ የሚጎትት» አለ አለኸኝ፤ እሱም ለኔ።

ስማቸው ከቡሬ ባዶ እጁን ሲመለስ እናታቸው ሁለቱንም አስጠርተው ነገሯቸው፤ የሚመልሳት አንድ ላይ የሄደ ብቻ ነው፣ እኔም እስከ ጠዋት ነው ያለሁት። ብዙ ሳይነጋገሩ መኪና ያዙ። ቦርሳዬን ከፈትኩ። ሻሹን ሳወጣ አለቅሳለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እንደ ጥርስ መንቀል ፈጠን አድርጌ ዘረጋሁት። ማንም አልተቀበለኝም።

«ለሱ ይስጡት» አለ አለኸኝ። «ያስታመመ እሱ ነው።»

«ኧረ እሱ እያለ!» አለ ስማቸው። «ታላቅ እያለ እጄን አልዘረጋም።»

ሁለት ዓመት ያህል የእኔ ናት የእኔ ናት ያሉባትን አሁን አንዱ በአንዱ ላይ ይገፋታል። እኔ እጄን ዘርግቼ መሐል ቆሜያለሁ፤ የአውቶቡሱ ረዳት «አዲስ አበባ! የቀራችሁ!» ይላል። በመጨረሻ አለኸኝ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። «የኛ አይደለችም፤ ለእናታችን አድርሰን እንመለሳለን» አለ። ስማቸው ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱም እጅ ነሱኝ።

ረዳቱ ይጩህ እንጂ አውቶቡሱ አሥር ሰው ይጎድለው ነበር። ቁርስ ልጋብዛችሁ ብዬ ተቀመጥን። የሻይ ቤቷ ልጅ ምን ልታዘዝ ስትለን ፍርፍር አልን፤ ልጅቱ የነገሩን ምን አውቃ፣ ለሦስታችን በአንድ ሰፊ ትሪ አቀረበችው። ሁለቱም እጃቸው ጭናቸው ላይ ቀረ። ተጣልቶ ያልታረቀ ሰው አንድ ገበታ እንደማይነካ እኔም አውቃለሁ። ሌላ ሰሃን አምጭ ልል ነበር። ስማቸው ግን አንድ ጉርሻ ቆረሰ። ቆይቶ አለኸኝም ቆረሰ። እኔ ሦስት ጊዜ ከጎረስኩ በኋላ ጠገብኩ ብዬ እጄን ታጠብኩ፤ ውሸቴን ነው፣ ርቦኝ ነበር። ትሪው ባዶ እስኪሆን ስለ ድንች ዋጋ መውረድ ሲነጋገሩ ቆዩ፤ አሁን እርስ በርሳቸው ነበር።

አውቶቡሱ ከከተማው ሲወጣ እትዬ የሻረግ ጋ ደወልኩ።

«እትዬ፣ መጡ።»

«ማን መጣ?» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጠነ።

«ሁለቱም። ሰጥቻቸዋለሁ። ወደ እርስዎ እየመጡ ነው።»

ዕቃዋን አልጠየቁኝም። መንገዳቸውንም አልጠየቁኝም።

«ቁርስ በልተዋል?» አሉኝ።

«በልተዋል።»

«ለየብቻ?»

«አይ፣ አንድ ትሪ ላይ። አብረው ነው የጨረሱት።»

ስልኩን አልዘጉትም፤ የሆነ ቦታ ሲያስቀምጡት ሰማሁ፤ ከዚያ በሩ ሲከፈት፣ ከዚያ ደጅ ወጥተው ማዶ ላለች ጎረቤት በሙሉ ድምፃቸው ሲጣሩ። «ኧረ በልተዋል አሉ! አንድ ላይ በልተዋል!» ይላሉ። መልሰው ደግሞ «አንድ ላይ!»

ኔትወርኩ እስኪቋረጥብኝ ድረስ ስልኩን ከጆሮዬ አላነሳሁትም።